ኖራ የሚያሰምሩትን ሰው ማን ይተካቸዋል? «በነጻ የሚያሰለጥን ይብቃን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «ስላንተ ነው የተጻፈው» ብሎ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርዕሱ «በነጻ የሚያሰለጥን ይብቃን» ይላል። አነበብኩት። ማታ ቤት ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ላይሰንስ ያላቸው የእግር ኳስ አሰልጣኝ ናቸው። የጻፉትም ለልጆች አስበው እንደሆነ ያስታውቃል። ለዚህ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ልጆች የሚያሰለጥኑ በጎ ፈቃደኞች ስልጠና ስለሌላቸው ልጆችን ይጎዳሉ። በነጻ ስለሚሠሩ መንግሥትና ትምህርት ቤቶች ኃላፊነታቸውን ይረሳሉ። ዛሬ ታይተው ነገ ይጠፋሉ። ብዙዎቹ ውስጥ ውስጡን ጥቅም ፈላጊ ናቸው፤ ተጫዋች ይሸጣሉ፣ ዕድሜ ያጭበረብራሉ። ማንነታቸውንም የሚያጣራ የለም። ስለዚህ በየወረዳው ባለ ላይሰንስ አሰልጣኝ ይቀጠር፣ ወላጅ በየወሩ ይክፈል፣ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ «በክብር ይሸኙ» ይላሉ።

እኔ ከሚሸኙት አንዱ ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር ሜዳ ላይ ከ8 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ከጥቂት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እናጫውታለን። 11 ዓመት ሆነኝ።

በስልጠናው ነገር ልጀምር፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። በሦስተኛው ዓመቴ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈበት። አለቀሰ። «ተነስ፣ ትንሽ ሮጥ ሮጥ በል፣ ይለቅሃል» አልኩት። ልጁ አመነኝና ተነስቶ ሮጠ። ማታ እናቱ ደወሉ። እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ብሎ ኖሯል። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል። እግሩ ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ቆየ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር እናቱ ቡና አፍልተው ይጠብቁኝ ነበር። ቀና ብዬ ማየት ግን አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ፈልጌ ወሰድኩ። ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው የፈጀው። እግር ሲታጠፍ እኛ ሀገር መጀመሪያ የሚመጣው እሽት ነው። አይታሽም። ጨዋታ ይቆማል፣ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበታል፣ እግሩ ከፍ ይደረጋል። መርገጥ ካቃተው ወይም አጥንቱ ላይ ሲነካ የሚያመው ከሆነ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ የዚያን ቀን ተመልሶ አይገባም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ያኔ ሜዳው ላይ ቢኖር ያ ልጅ በተሰነጠቀ አጥንት አይሮጥም ነበር።

ስለዚህ ችግሩን ጸሐፊው አልፈጠሩትም። ግን ከዚህ ተነስተው «ይሸኙ» የሚለው ላይ እንዴት እንደደረሱ አልገባኝም። ሦስት ቅዳሜ የሚፈጅ እውቀት ለጎደለው ሰው የሚሰጠው ሦስቱን ቅዳሜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጽሑፉን ሳነብ በጣም የቆረቆረኝ፣ ጸሐፊው በጎ ፈቃደኛ ሲሉ አሰልጣኝ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ፊሽካ፣ አበቃ። ሜዳ ላይ ያለው ነገር ግን እንደዚያ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ጭር ያለ ነው። ቀድመው የሚደርሱት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። በአንድ እጃቸው ሲባጎ፣ በሌላው ሥሩ በምስማር የተበሳሳ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። ቆርቆሮው ውስጥ ኖራ አለ። ሲባጎውን ከጫፍ ጫፍ ወጥረው፣ ቆርቆሮውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ መስመሩን ያሰምራሉ። ማዕዘኑን በሦስት፣ በአራትና በአምስት እርምጃ ነው የሚያወጡት። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ክፍል የተማሩትን እዚያ ሣር ላይ ሲያዩት ዓይናቸው ይበራል። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ፓይታጎረስ ነው!» ብሎ የጮኸ ልጅ ዛሬ ምህንድስና ይማራል። ቲቸር ኳስ መትተው አያውቁም። ላይሰንስ የሚሰጣቸውም የለም።

ከሜዳው ጥግ ሻይ የሚሸጡ እናት አሉ፤ «እማማ» ነው የምንላቸው። የልጆቹን ልብስና ሞባይል ይጠብቃሉ። ውሃ በጀሪካን ያስቀምጣሉ። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ልጅ በፊቱ ያውቁታል። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ይህን መለየት አልቻልኩም፤ እሳቸው ገና ልጁ ሲመጣ ዳቦ ይሰጡታል፣ ሌላው ልጅ እንዳያይ አድርገው። ስንት ዳቦ እንደሰጡ ቢጠየቁ አይናገሩም።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ይህችን ነገር ልናገር። ለአምስት ዓመት ያህል አንድም ሴት ልጅ አልነበረችንም። ቤት ለቤት ዞሬ ወላጆችን ለምኛለሁ። «እናስብበት» ይሉኛል፤ በቃ፣ እዚያው ይቀራል። እኚህ የሻይ እናት ጥላቸውን ዘርግተው መቀመጥ ከጀመሩ በኋላ ግን አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሜዳውን አዩ፣ ሴትየዋን አዩ፣ ተቀምጠው አንድ ሻይ ጠጡ። ልጅቷን ትተዋት ሄዱ። አሁን ዘጠኝ ሴቶች አሉን። ዘጠኙንም ያመጣቸው የእኔ ስልጠና አይደለም። ደሞዝተኛው አሰልጣኝ ሲቀጠር እኚህ እናት በየትኛው መደብ ላይ ሊቀጠሩ ነው?

ኳስ የሚሰፋልን ጫማ ሰፊ አለ፤ ዋጋ አይጠይቅም። ማልያ የሚያጥቡ ወላጆች ተራ አላቸው። የመጨረሻው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ፣ ድሮ የእኛ በረኛ የነበረ፣ በረኞቹን ብቻ ይዞ ይሠራል። ይህ ሁሉ ሰው ነው በጎ ፈቃደኛ። ይህን ሁሉ «በክብር መሸኘት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው አላሰቡበትም ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ «የስፖርት መምህር እያለ በጎ ፈቃደኛ ምን ያደርጋል?» ብለዋል። እስቲ አብረን እንቁጠር። እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ አለ። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከክፍል ለመውጣት፣ ለመሰለፍና ለመመለስ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። 30 ደቂቃ ቀረ። ያሉት ሁለት ኳሶች ናቸው። ሁለቱን ኳስ ለ60 ልጅ እኩል ብናካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ነው። መምህሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሒሳቡ እንዲያ ስለሆነ ነው። ከትምህርት በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚመጡ ሦስት ወላጆችና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ቢኖሩት ግን ያ አንድ ደቂቃ ወደ ሰዓት ይለወጣል።

እዚሁ ላይ በቆጂን ጠቅሰዋል፤ «ሻምፒዮኖቹን ያፈራው ባለሙያ እንጂ በጎ ፈቃደኛ አይደለም» ብለው። ይህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፤ የእነዚህ ሁሉ አጀማመር ሲነሳ የእሳቸው ስም አብሮ ይነሳል። ባለሙያ ናቸው፤ ማን ይክዳል? ግን የስፖርት መምህር ደሞዝ የሚከፈለው ለክፍለ ጊዜው ነው። ክፍለ ጊዜውን አስተምሮ ቤቱ የሚገባ መምህር ከደሞዙ አምስት ሳንቲም አይቀነስበትም። ሯጭ ልጅ አይቶ «ነገ ማለዳ ና» ማለት፣ ብርዱ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ወላጁን ሄዶ ማሳመን ደሞዝ ውስጥ የለም። «ከፍታው ነው» የሚሉም አሉ። በቆጂ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግን ደብረ ብርሃንም ከፍታዋ ተቀራራቢ ነው። ከፍታ ያለው ከተማ ብዙ አለን። ልጆቹን በዚያ ዓይን ያየ መምህር ያለው ግን ሁሉም ከተማ አይደለም። በቆጂ የምታሳየው ሙያና በጎ ፈቃድ አንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው። ጸሐፊው ግን ሁለቱን አጣሏቸው።

«በነጻ ስለሚሠሩ መንግሥት ተኛ» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። ሜዳ ማስጠበቅ የእኛ አቅም አይደለም። ባዶ ቦታ ሁሉ ግንባታ በሚጠብቅበት ከተማ ውስጥ የልጆች መጫወቻን በሕግ መከለል የመንግሥት ሥራ ነው። መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ፣ ለልጆቹ የሕክምና ዋስትና፣ ይህ ሁሉ ከእኛ ኪስ መውጣት አልነበረበትም። ይህን አብረን እንጩህ፤ እኔም እፈርማለሁ።

ሌላው ግማሽ ግን ልክ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት የሜዳችን ግማሽ ሊታጠር ሲል አቤት ያለው ማን ነበር? ቲቸርና እኔ የ70 ልጆች ስም፣ ዕድሜና ክፍል የተጻፈበትን ደብተር ይዘን አንድ ቢሮ ደጅ ላይ አራት ቀን ተመላለስን። «ሜዳው ባዶ ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም» ተብሎ ነበር። የቢሮው ሰዎች ደብተሩን ሲያዩ ነው ነገሩ የተለወጠው። ግማሹ ተረፈ። በጎ ፈቃደኛ ባይኖር ደብተር አይኖርም፤ ደብተር ባይኖር ሜዳው «ባዶ» ነበር። እኛ ቤታችን ብንገባ መንግሥት በእኛ ምትክ ይመጣል የሚለውን ልምዳችን አያሳይም።

«ዛሬ ታይተው ነገ ይጠፋሉ» ላይ ብዙ አልቆይም። የሚጠፋ አለ። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጀመር ቲሸርት ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ መስከረም ሲጠባ የማይታይ ሰው አውቃለሁ። ልጆች ደግሞ መተው ይጎዳቸዋል፤ ስለዚህ የሁለት ወር ሰው ለብቻው ቡድን አይሰጠውም። ግን በጎ ፈቃድ በባሕርዩ ጊዜያዊ ነው ማለት ታሪካችንን አለማየት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብን በ1928 ዓ.ም. ያቋቋሙት የአራዳ ልጆች ናቸው፤ ያውም ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ወራት ሲቀረው። በውጭ ያሉ ወገኖቻችንንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሂዩስተን ላይ በጥቂት ቡድኖች የተጀመረው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር፣ ከኮሮናው ጊዜ በቀር ይኸው እስከ ዛሬ በጁላይ መጀመሪያ ገደማ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይካሄዳል። ያቋቋሙት ሌላ መተዳደሪያ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁለት ተከፍለው በአንድ ሳምንት ሁለት ውድድር እስኪደረግ ደርሰዋል፤ ያኔ ያዘንነው ብዙ ነን። ቢሆንም አልፈረሰም። እኛስ ሀገር ውስጥ በደሞዝ የተቀጠረ አሰልጣኝ ስንት ወር ይቆያል? ውጤት ሲጠፋ በሦስተኛው ጨዋታ የሚሰናበተውን ጸሐፊው ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ቀጣዩ ነጥብ ጥቅም ፈላጊነትና ዕድሜ ማጭበርበር ነው። ነገሩ አለ። ጢሙን ተላጭቶ «ከ15 ዓመት በታች» ውድድር ላይ የሚሰለፍ ልጅ አይቻለሁ፤ ያመጣውም ሰው ምንም አላፈረም። በአህጉርና በዓለም ደረጃ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ መታየት የጀመረው በከንቱ አይደለም። ግን ማጭበርበሩ የሚበዛው የት ነው? ዋንጫ፣ ገንዘብና ቪዛ ያለበት ቦታ። በዚያ ደረጃ ያሉት ቡድኖች ደግሞ የሚመሩት በአብዛኛው ደሞዝ በሚከፈላቸው ሰዎች ነው። የእኛ ሜዳ ላይ ልጁን በ8 ዓመቱ ነው የምንመዘግበው። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ የእናቱ ስልክ፣ ጥርሱን ነቅሎ እንደመጣ ሁሉ ደብተሩ ላይ አለ። ያ ልጅ በ16 ዓመቱ «13 ነኝ» ሊል ቢፈልግ መጀመሪያ የሚያጋልጠው የእኛ ደብተር ነው። አንድ ጊዜም ሆኗል። አንድ ቡድን የድሮ ልጃችንን ሦስት ዓመት ቀንሶ ሊያሰልፈው ሲል ገጹን አሳየናቸው። ልጁ ለሁለት ዓመት አኮረፈኝ። ዛሬ እንነጋገራለን።

ከሁሉ የከበደኝ የልጆች ደህንነት ጉዳይ ነው። «ማንነታቸውን የሚያጣራ የለም» ብለዋል። እዚህ ላይ አንዲት ቃል አልቃወምም። እንዲያውም ያሉት ያንሳል እላለሁ። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ልጃችንን ለማናውቀው አሰልጣኝ ስንሰጥ ስሙን እንኳ አንጠይቅም። «ስፖርት ነው፣ ጥሩ ነው» ብለን እንለቃለን። ልጅ ላይ ክፉ የሚሠራ ሰው ደግሞ ልጅ ወዳለበት እንደሚመጣ የታወቀ ነው።

እኛ ጋ ያለው ሕግ ይኸውና፤ የፈለገ ይውሰደው። አዲስ በጎ ፈቃደኛ መታወቂያና የሰፈር ሰው ዋስ ያመጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለብቻው ቡድን አይዝም። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይኖራል፤ ሁለተኛው ካልመጣ ልምምድ የለም፤ ልጆቹ እያለቀሱም ቢሆን ይመለሳሉ። ማንም ልጅ አሰልጣኝ ቤት አይሄድም። አዋቂ ከልጅ ጋር ለብቻው በስልክ መልእክት አይጻጻፍም፤ መልእክት የሚላከው ለወላጅ ነው። ሩቅ ጨዋታ ሲኖር ከልጆቹ ጋር ወላጅ ይሄዳል። ልጆቹንም «የማትወዱት ነገር ከተደረገባችሁ ለእማማ ንገሩ» እንላቸዋለን፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው፤ ምክንያቱም ክፉ የሚሠራው እኔ ብሆንስ? ይህን ሕግ ስናወጣ አንድ ጓደኛችን «አታምኑኝም ማለት ነው?» ብሎ ተቀየመ። ቅያሜው ገብቶኛል። ሕጉ ግን ለእሱም ለእኔም እኩል ነው።

ደሞዝ ግን ይህን አያጣራም። የደሞዝ ፊርማ ሰውን አያስተካክልም። የሚያጣራው ዋሱ፣ ሁለተኛው ሰውና ጥላ ስር የተቀመጡት እናት ናቸው። ተከፋይ አሰልጣኝ ለብቻው 30 ልጅ ይዞ ከሚቆም አምስት ዓይን ያለበት ሜዳ ይሻለኛል።

በመጨረሻ የወላጅ ክፍያው። «መቶም ሁለት መቶም ብር ማንም አያጣም» ይላሉ። እኛ ሞክረነዋል። ኳስና ኮን ለመግዛት ብለን አንድ ሰሞን በወር 100 ብር አልን። «ያልቻለ ይቅር» አላልንም፤ እንዲያውም «የሌለው አይክፈል» ብለናል። በሁለተኛው ወር አምስት ልጆች ጠፉ። አንዱን አጥር ጥግ አየሁት። በቆርቆሮው ቀዳዳ ነበር የሚያየን። «ለምን አትገባም?» ስለው «እግሬን አሞኝ ነው» አለኝ። እግሩ ምንም አልሆነም። እናቱን መጠየቅ አሳፍሮት ነው፤ አለመክፈልም አሳፍሮታል። ክፍያውን በዚያው ሳምንት ተውነው፤ በምትኩ የቻለ ሰው ማንም ሳያየው የሚጥልበት ሳጥን እማማ ጋ አስቀመጥን። ከአምስቱ አራቱ ተመለሱ። አንዱ አልተመለሰም፤ ሰፈር ቀይረው ሄዱ።

የሚከፈልባቸው አካዳሚዎች መኖራቸውን አልቃወምም። ለልጁ መክፈል የሚችል ይክፈል፤ ጥሩ አሰልጣኝም ከሙያው ይብላ። በየወረዳው ባለ ላይሰንስ አሰልጣኝ ይቀጠር የሚለውንም በሁለት እጄ ነው የምደግፈው። ግን የተቀጠረው ሰው ሥራው እኛን መተካት ሳይሆን በየሜዳው እየዞረ እኛን ማሰልጠን ይሁን። አንድ ሰው ወረዳ ውስጥ ያለን ልጅ ሁሉ ማሰልጠን አይችልም። 20 በጎ ፈቃደኛ ግን በሦስት ወር ውስጥ ማሰልጠን ይችላል።

ለጸሐፊው፦ ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ነን። አድራሻውን በግል እልክልዎታለሁ። አሁን በጣም የቸገረን ሰውነት ማሟሟቅ ነው። ከ10 ዓመት በታች ላሉት የምናሠራው ከ15 ዓመቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሚለይ ግን አላውቅም። በረኞቹን የሚይዘው ልጅ ደግሞ ስለ አወዳደቅ ብዙ ጥያቄ አለው፤ ጽፎ አስቀምጦታል። አንድ ሰዓት ቢሰጡን ይበቃናል። ሁለተኛ አዋቂ ሆነው ከቆዩልን ደግሞ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቲቸር ለሐኪም ቀጠሮ ስለሚሄዱ ልምምዱን ከመሰረዝ ያተርፉናል።